ሦስት ሊትር እስከ ቱላ

ባለቤቴ ያቺን ፒካፕ ከአንድ መሥሪያ ቤት የአሮጌ ዕቃ ጨረታ አሸንፎ፣ በገመድ እያስጎተተ ግቢያችን ባስገባት ቀን፣ ጎረቤቶቻችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩአትና ሳቁ። ፊቷ የቤት መኪና ነው፤ ክብ ክብ መብራት፣ ሸንቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ወንበር። ከወንበሩ ጀርባ ግን የቤት መኪናነቷ ድንገት ያልቅና የጭነት ካሶኒ ይጀምራል። አንዱ ጎረቤታችን፣

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ይቺም እንደዚያ ናት» አለ።

ባለቤቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በቅሎ መሆኗስ መልካም ነው» አለው። «በቅሎ ትጫናለችም፣ ሰው ይቀመጥባታልም።»

ባለቤቴ መካኒክ ነበር፤ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ጋራዥ ውስጥ። እኔ ደግሞ ከቤታችን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከሥራ ሲመለስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ከፒካፗ ሥር አይወጣም። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ በሸራ ላይ ደረደረው። አንዱን ዕቃ ከዲላ፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣ፤ ያልተገኘውን ራሱ በሞረድ እየሞረደ ሠራው። በመጨረሻ ቀለም ሲፈልግ የተገኘው ለአንድ ክሊኒክ ግድግዳ ተገዝቶ የተረፈ የሚመስል ቅቤ መልክ ቀለም ብቻ ነበር። ቀባት። እኔ ከመጋረጃ የተረፈኝን ወፍራም ጨርቅ ለወንበሯ ሰፋሁላት። ሞተሯ የተነሣ ቀን የሳቁብን ጎረቤቶች ሁሉ ወጥተው አጨበጨቡ፤ በበቅሎ የመሰላትም ሰውዬ ዘሎ ካሶኒው ላይ ወጣ።

ያ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። ማደያው ደጃፍ ላይ መኪኖች ጎሕ ሲቀድ ተሰልፈው ረፋድ ላይ «አለቀ» ተብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሰው መኪና ሲያይ ከዕድሜዋም ከመልኳም አስቀድሞ፣ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይላል። ባለቤቴ «አሥር» ሲል ማንም አያምነውም። ጉልበተኞቹ ጂፖች አምስት ከሄዱ በቂ ነው በሚባልበት ከተማ፣ ጭነት የምትጭን መኪና በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ማለት ጉራ ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ማለዳ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ይወርዳል፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን እያራገፉ ቆመው ያዩናል። የማርሹ ዘንግ እንደሌሎቹ መኪኖች ከወለሉ ሳይሆን ከመሪው ሥር የወጣ ስለሆነ እጄ እስኪለምደው ብዙ ጊዜ አጉረመረመችብኝ። የነዳጅ ፔዳሉ ግን ቶሎ ገባኝ። ባለቤቴ ገርሞት፣ «ይህን ያህል ረጋ ያለ እግር ከየት አመጣሽ?» አለኝ።

«ዘመኔን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ኖሬ!» አልኩት። የስፌት መኪና ከተፈጣደፉባት ክሩን ትበጥሳለች። ይቺም እንደዚያው ነበረች፤ ቀስ ብለው ከረገጧት ቀስ ብላ ትጠጣለች።

ፈተና ገብቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ፈታኙ በርሜሎች መካከል ወደ ኋላ አስገቢ ብሎኝ ሳስገባ፣ ድገሚ አለኝ። ደገምኩ። ሦስተኛ ሲያስደግመኝ ሌሎቹ ተፈታኞች አጉረመረሙ፤ እሱም አፍሮ ፈረመልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ ሾፌር ሞልቶ ለምን እነዳለሁ?

ሞተሯ በተነሣ በሁለተኛው ዓመት ጋራዡ ውስጥ ክሪኩ ተንሸራትቶ የአንድ ከባድ መኪና ካምቢዮ፣ ሙሉ የማርሽ ሣጥኑ፣ ባለቤቴ ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር አተረፈው፤ ወገቡ ግን ተጎዳ። ከሆስፒታል ሲወጣ በከዘራ ነበር፤ ሐኪሙም ዕቃ ማንሳት፣ መኪና ሥር መተኛት፣ መንዳት፣ ሌላው ቀርቶ መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ ከለከለው። ያ እጁ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ቁልፍ ይሰፋልኝ ጀመር። ፒካፗ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮዎች ካሶኒዋ ላይ ማደር ሲጀምሩ አንድ ጠዋት፣

«እንሽጣት» አለኝ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

ወሬው በመናኸሪያ በኩል ወጣና ገዢ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የመጣው ሊያገባ ያሰበ ወጣት መምህር ነበር። ከፊት ለፊቷ ቆሞ ሲያያት ፊቱ ይበራል፤ ወደ ኋላዋ ሲዞር ይጨልማል። «ከፊት ለፊት ብቻ የሚያዩአት ቢሆን ኖሮ!» አለ። «አማቶቼ ቤት ሽንኩርት ላራግፍ የመጣሁ ነው የምመስለው።» ሦስት ጊዜ ዞራት፤ በሯን ከፍቶ ዘጋ፤ በመጨረሻ በትካዜ ተሰናብቶን ሄደ።

ሁለተኛው ገበያ መሐል ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። የራሱ ጂፕ ነበረችው፤ የኩፖኑ ነገር ስላስመረረው ሌላ ሊፈልግ ነው የመጣው። ገና ከበር ሲገባ፣

«የፈረንሳይ ሥራ አይደለች? የፈረንሳይ ነገር እንደ ሽቶ ነው፤ ያምራል፣ ይተናል» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ጎማውን በእግሩ መታ። «በሊትር ስንት?»

«ባዶዋን አሥር» አለው ባለቤቴ።

«አሥር! በል እንግዲህ ነድተህ አሳየኝ።»

ባለቤቴ ከዘራውን አየ። አላስችል አለኝና፣ «እኔ ነድቼ አሳይዎታለሁ» አልኩ።

ነጋዴው ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «አንቺ?»

ይህ ሲሆን ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ እንዳለ ማናችንም ልብ አላልንም ነበር። ከአዋሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው ከቱላ የመጡ አንድ አዛውንት ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡናል። የገበሬዎች ማኅበራቸው መኪና ፈልጉ ብሎ ልኳቸው ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል ሲጠፋባቸው በሲዳምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ይሉና ይቀጥላሉ።

«ባዶ መኪና ማንም ይነዳል» አሉ። «ጭነን እንይ። በእኔ መንገድ እንይ።»

ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው ቱላ ላለ ደንበኛው የሚልከውን ጨው በጆንያ ጫነ፤ ስንመለስ የአዛውንቱን ሰዎች ድንችና ጎመን እንጭናለን። ባለቤቴ ማጭበርበር አለ እንዳይባል የታንከሩን ቱቦ ነቀለና አንድ ነጭ ፕላስቲክ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ አሰረ። በዘይት መለኪያ ሦስት ሊትር ቤንዚን ለክቶ ሁሉም እያየ ጨመረ፤ ቱቦውን ከእሱ ጋር አገናኘ። ከዚያ ወደ መስኮቴ ጠጋ አለ። ሦስተኛው ማርሽ አንዳንዴ ራሱን ይነቅል ነበር፤ የሚለወጥለት ጥርስ አጥተን የቆየ ሕመም ነው።

«ስለ ሦስተኛው ልንገራቸው?» አልኩት በሹክሹክታ።

ቁልቁል አየና፣ «የምትነጂው አንቺ ነሽ። አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ወጣን። ነጋዴው በር በኩል፣ አዛውንቱ መሐል። መናኸሪያ ጋ ስንደርስ ሰው ከአውቶቡስ ወረፋው እየወጣ ያየን ጀመር። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ የቆመው ወታደር አስቆመንና በነጋዴው መስኮት በኩል፣ «ጓድ፣ መንጃ ፈቃድ» አለ። ነጋዴው በአውራ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ወታደሩ መኪናዋን ዞሮ መጣ፤ ወረቀቴን አየ፤ ፎቶዬን አየ፤ እኔን አየ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጭነት ይዘሽ?»

«ጨው ነው። ማየት ትችላለህ።»

ጆንያዎቹን ነካ ነካ አደረገና ወረቀቴን ሲመልስልኝ ሰላምታ ሰጠኝ። የምሩን ይሁን የቀልዱን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን እንደ ምር ነው የወሰድኩት፤ አንገቴ ቀጥ አለ።

አስፋልቱ ላይ እግሬን እንደ ስፌት ፔዳል አለዝቤ ያዝኩ። ዳገት ከመድረሴ በፊት ትንሽ ፍጥነት እሰጣታለሁ፤ ዳገቱ ላይ አላስጨንቃትም። ነጋዴው፣ «በዚህ አካሄድማ በእግር ይሻላል» አለ። እኔ ግን እግሬን እንዳለዘብኩ ነዳሁ። ቁልቁለት ላይ ስንገባ ሦስተኛው ማርሽ ቋ ብሎ ተነቀለ፤ ሞተሩ ጮኸ። መልሼ አስገባሁትና በእጄ ያዝኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ነጋዴው።

ማርሹን እኔ ሳልመታው እንዳልቀረሁ፣ እጄ እንዳደናቀፈው ልናገር እችል ነበር። ልቤም አመነታ፤ የዓመት ዩኒፎርም ሰፍቼ የማላገኘው ነገር በዚያች መኪና ሽያጭ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን መካኒክ ባለቤቴ በሕይወቱ አንድ ሰው አታሎ መኪና አስረክቦ አያውቅም።

«ሦስተኛው ማርሽ ያመልጣል» አልኩ። «ቁልቁለት ላይ በእጅ ካልያዙት ይወጣል። የውስጥ ጥርሱ አልቋል፤ ዕቃው ጠፍቶ ነው ያልተለወጠው። ሌላ ሕመም የለባትም።»

«አላልኩም?» አለ ነጋዴው፣ ጭኑን መታ። አዛውንቱ ግን እጄንና የማርሹን ዘንግ እያፈራረቁ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቱላ ጨዉን አራግፈን ወደ አዛውንቱ ሰፈር በጥርጊያው መንገድ ታጠፍን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን መንገዱ ወደ ጭቃ ወረደ። አቁሜ ወረድኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ጭቃውን በእግሬ ለካሁት። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ተመለስኩና ለአዛውንቱ፣

«አባባ፣ ከዚህ አላልፍም» አልኳቸው። «ይቺ ጂፕ አይደለችም። ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ባዶዋን ልትገባ ትችል ይሆናል፤ ጭና ግን አትወጣም። አስገብቼ ባስቀርባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ነጋዴው ሊናገር አፉን ሲከፍት አዛውንቱ በእጃቸው ከለከሉት። ወርደው በሲዳምኛ ወደ ሰፈሩ ተጣሩ። ብዙም ሳይቆይ ሴቶችና ወንዶች ድንቹን በከረጢት፣ ጎመኑን በእቅፍና በአህያ ጀርባ ይዘው መጡ። አንዲት እናት እጄን ይዘው «ዳኤ ቡሹ» አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጭቃ የነካ እግሬን አይተው ውሃ አመጡና ካላጠብኩሽ ብለው ታገሉኝ። ሴቶቹ መሪውን እየነኩ ይስቃሉ። አንዷ ወጥታ በቦታዬ ተቀመጠች፤ ሁሉም እልል አሉ።

ልንመለስ ስንል አዛውንቱ የሞተሩን ክዳን አስከፈቱኝና ጀሪካኑን ጎንበስ ብለን አየነው። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ነጋዴው ዓይኑን አጥብቦ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ጀሪካኑንም በጣቱ መታ። ቀልዱን ያቆመው ያኔ ነው።

የመልሱ ጭነት ከጨዉ ይከብድ ነበር። ከተማው ሲታየን ቤንዚኑ ያደርሰን ይሆን እያልኩ እግሬን ይበልጥ አለዘብኩ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ገና ከሩቅ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። መናኸሪያ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ። ሁለተኛ አስነጠሰ። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አውቶቡሶቹ ፊት ለፊት ጸጥ አለች።

ነጋዴው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አነበበና የጠዋቱን ቁጥር ቀነሰለት። «ሃያ ስድስት» አለ። «ለሦስት ሊትር። በሊትር አሥር አልሞላም!»

«አሥር ያልነው ባዶዋን ነው» አልኩት። «ይህ ሁሉ ድንች ተጭኖ ነው ሃያ ስድስት የሄደችው።»

አዛውንቱ መሐል ተቀምጠው ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። «የአንተ ጂፕ በሦስት ሊትር የት ትደርሳለች?»

ነጋዴው በጣቱ ቆጠረ።

«ቱላ ትደርሳለች» አለ በመጨረሻ።

«መመለሷስ?»

መስኮቱን ተደግፈው ሲያዳምጡ የነበሩ የመናኸሪያ ወያላዎች በሳቅ ፈነዱ። ነጋዴውም፣ ምስጋና ይግባውና፣ አብሮ ሳቀ። ወርዶ እጅጌውን ጠቀለለና ከወያላዎቹ ጋር ከኋላ ሆኖ ገፋ። እኔ መሪዬን ይዤ፣ አዛውንቱ አጠገቤ እንደተከበሩ፣ ድንችና ጎመን ጭኜ፣ በሰው ጉልበት ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ በከዘራው በር ላይ ቆሟል። ስትገፋ ሲያያት የተሰበረች መስሎት ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ነጋዴው ላቡን እየጠረገ «ሃያ ስድስት! ከነጭነቷ!» ብሎ ሲጮህለት ግን እንደ ልጅ ሳቀ።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ነጋዴው እገዛለሁ አለ፤ የማርሹን ጉድለት እያነሣ ዋጋ ለመቀነስ ግን አልቦዘነም። አዛውንቱ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ለባለቤቴ እንዲህ አሉት፦

«የእኛ ማኅበር መኪና ግዛ ብሎኛል። ሾፌር ግን የለንም። ሾፌር ስንቀጥር የመኪናውን በሽታ ይደብቀናል፤ ጭቃ ውስጥ ይከተናል፤ ቤንዚኑን ይጠጣዋል። ይቺ ልጅ የታመመውን ነገረችን። አልገባም ብላ ቆመች። መኪናዋን አትሽጡ። ማኅበሩ ኩፖኑን ያወጣል፤ የየጉዞውን ይከፍላል። እሷ ትንዳልን።»

ባለቤቴ በእኔ ፋንታ ሊመልስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚያ ጊዜ ባል በሚስቱ ፋንታ ቢመልስ ማንንም አይገርምም። እሱ ግን፣ «እሷን ይጠይቋት» አላቸው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተሰፉ ዩኒፎርሞች ክምር አጠገቤ አለ፤ ጭቃው ገና ቀሚሴ ጠርዝ ላይ አልደረቀም።

«እነዳለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ቱላና አዋሳ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ከመንገድ ዳር ቆሞ ይጠቋቆምብኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ስዘገይ «ባለ ፒካፗ ዛሬ ምን ሆነች?» ይላል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ ሴት ጭነት መኪና መንዳቷ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ መልስ ሳይሰጥ በበቅሎ የመሰላት ያ ጎረቤታችን ብድግ አለና፣ «ከእኔ የተሻለ ትነዳለች። እኔ መንጃ ፈቃዱን ሁለቴ ወድቄያለሁ» አለ። ነገሩ በሳቅ አለቀ። ያ ወጣት መምህርም አማቶቹ የሚሉትን ይበሉ ብሎ መኪናዋን ለሠርጉ ለመነን፤ ካሶኒዋን በዘንባባ ከብቤ ሚዜዎቹን አስጨፈርኩባት።

ስትበላሽ የምጠግናት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ሱሪ ታጥቄ ከሥሯ እገባለሁ። እሱ ሳያይ ያያል። «አሁን አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አንሺ። ወደ ግራ። አይ፣ እጅሽን አታስጨንቂ፤ ራሱ ይመጣል።» ከአንድ ዓመት ፍለጋ በኋላ ይርጋለም ከቆመች እንደሷ ካለች መኪና የሦስተኛውን ማርሽ ጥርስ አገኘን። ካምቢዮውን አውርጄ፣ ፈትቼ፣ ለውጬ፣ መልሼ ለመግጠም አራት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሁለታችንም እጃችን እስከ ክርን ግራሶ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ እጄን ከዘንጉ ባነሣሁ ጊዜ ማርሹ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን መኪና ውስጥ እልል አልኩ።

ለባለቤቴ ሐኪሙ መኪና ውስጥ መቀመጥ የፈቀደለት ከዚያ በኋላ በበጋ ነው። እስከ ቱላ ይዤው ልሄድ ወሰንኩ። ወገቡ ላይ ትራስ አደረግሁለት። ይህ ሰው በሌላ ሰው መኪና ሲሳፈር ዕረፍት የለውም፤ የሾፌሩን እግር ያያል፣ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ከራሱ በቀር በማንም እጅ አይረጋጋም። ከቤት ስንወጣ እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬን ሲፈልግ አየሁት። ኬላውን አለፍን። አስፋልቱ ረዘመ። አንድ ነገር እንዲለኝ እየጠበቅሁ ማርሽ ለወጥኩ፤ ዳገቱን እንደ ወትሮዬ ሳላስጨንቃት ወጣሁት። ምንም አላለም። ጥፋት ሠርቼ ይሆን ብዬ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት።

ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል።

እንዳላነቃው ፍጥነቴን ቀነስኩ።